በር ለተዘጋባት ድመት ምን እንግዛላት?

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ድመት ምግብ ነው፤ ያውም በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በቆርቆሮና በከረጢት ታሽጎ ስለሚሸጠው። «ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ስለ ድመት ራት ታወራላችሁን?» የሚል ቢኖር አንቀየመውም፤ ወደዚያም ጉዳይ እንመጣለን። ይሁን እንጂ ጥያቄው ወደ ዝግጅታችን ተደጋግሞ ደርሷል። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የአሠሪዎቿን ሦስት ድመቶች የምትመግበው እሷ መሆኗን ገልጻ፣ በቆርቆሮው ላይ «ሥጋ» ከማለት በቀር የምን እንስሳ እንደሆነ ስላልተጻፈ ልቧ እንደሚጠራጠር ጽፋልናለች። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር አባወራም ልጆቹ ድመት ካስገቡ ወዲህ ገበያ በሄደ ቁጥር አንድ ሙሉ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ እንደሚጋባ፣ ርካሹን ቢያነሳ ኅሊናው፣ ውዱን ቢያነሳ ኪሱ እንደሚወቅሰው ነግሮናል። በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ድመት የሚያሳድጉ ቤተሰቦችም ይህንኑ ይጠይቁናል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴት ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ድመት ዘግታ በረሃብ ስለገደለች ለእሳት ተዳረገች። ስናስተምረው ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን እንዘለዋለን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የሴትዮዋን ጥፋት ሲገልጹ ሁለት ነገር ነው ያነሱት። አንደኛ፣ አላበላቻትም፤ ሁለተኛ፣ ወጥታ ከምድር ላይ የምታገኘውን ነፍሳት ለቃቅማ እንድትበላ አልለቀቀቻትም። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ድመቷ ራሷን ትችል ነበር ማለት ነው። ሴትዮዋን የከበዳት የረሳችው ጉርሻ ብቻ ሳይሆን የዘጋችው በር ጭምር ነው።

ይህንን ወደ ዛሬው ኑሯችን እናምጣው። በገጠር በአያቶቻችን ቤት ድመት ከጎተራው አይጥ፣ ከማሳው ፌንጣና ወፍ እየያዘች ትኖራለች። ከማዕድ የሚወረወርላት ቁራሽ ጭማሪ እንጂ ዋና ቀለቧ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የምትኖር ድመት ግን አይጥም፣ ፌንጣም የላትም። ወደ አፏ የሚገባውን በሙሉ የምንመርጥላት እኛ ነን። ስለዚህ በሩን የዘጋ ሰው አይጡን ተክቶ ማቅረብ ግድ ይለዋል። ለመሆኑ አይጥ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ ውኃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ሥጋ፣ አጥንትና ስብ ነው፤ እህል የሚባለው በሆዱ ውስጥ ያለችው ጥቂት ብቻ ናት። የምንገዛውን ቆርቆሮም ሆነ ከረጢት የምንመዝነው በዚህ ነው።

ድመት ሥጋ የምትወድ ብቻ ሳትሆን ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጡር ናት። ከዚህ አንጻር ከውሻም ትለያለች። ታውሪን የሚባለውንና በሥጋና በዓሣ ውስጥ የሚገኘውን ንጥረ ነገር የድመት ሰውነት በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። ይህ ሲጎድላት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጠፋ በ1970ዎቹ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልብ ጡንቻቸው ሰፍቶ የሚሞቱ ድመቶች ችግራቸው የዚሁ የታውሪን እጥረት መሆኑን አሳዩ። የሚያሳዝነው፣ ከታመሙት ብዙዎቹ በወቅቱ ጥሩ የሚባለውን የፋብሪካ ምግብ ሲበሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ታውሪን መጨመር ያዙ፤ በሽታውም በጣም ቀነሰ። ከዚህም በላይ ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ ማውጣት እኛ እንችላለን፣ ድመት ግን አትችልም፤ በቀጥታ ከእንስሳ ማግኘት አለባት። ስለዚህ የውሻ ምግብ ለድመት አይሆንም። እኛ ስለማንበላው ሁሉም አንድ ይመስለናል እንጂ አንድ አይደለም።

የቤታችንን ነገር በዚህ አጋጣሚ እናንሳ። ወጥ የነካ እንጀራ ለድመት መስጠት የተለመደ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ወተትም ቢሆን ያደገችዋን ድመት ብዙ ጊዜ ያስቀምጣታል። ከሉካንዳ የሚገዛው ሳምባ ጥሩ ነው፣ ቀቅሎ መስጠቱም ይመረጣል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሳምባ ብቻ የምትበላ ድመት ካልሲየምም ሌላም ይጎድላታል። ጉበት ብቻ መስጠትም ቫይታሚን ኤ ከመጠን በላይ አከማችቶ አጥንቷን ያጎብጣል። የታሸገውን ለመግዛት አቅም የሌለው ወንድማችን ድመቱን በቀን ወጣ እያደረገ፣ ከልብ፣ ከሳምባና ከዶሮ ትርፍራፊ ከነመረቁ እያፈራረቀ ቢሰጣት ግዴታውን ተወጥቷል እንላለን። መረቁን አትድፉት፤ ሲቀቀል ታውሪኑ የሚወጣው ወደ መረቁ ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። የከረጢቱ ፊት የነጋዴው ነው፤ የገዢው ጀርባው ላይ ነው። በአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር፣ በአጭሩ አፍኮ የሚባለው፣ የስም አሰጣጥ ደንብ አለው። «ቱና» ተብሎ በቀጥታ የተሰየመ የድመት ምግብ የተጨመረው ውኃ ሳይቆጠር 95 በመቶው ቱና መሆን አለበት። «ቱና ዲነር» ከተባለ 25 በመቶ ይበቃዋል። «ዊዝ ቱና»፣ ማለትም «ከቱና ጋር» ከተባለ 3 በመቶ ብቻ ነው። «ቱና ፍሌቨር»፣ የቱና ጣዕም ያለው፣ ከተባለ ደግሞ ጣዕሙ ከታወቀ ይበቃል፤ የተቆረጠ መጠን የለውም። አስተውሉ፤ በአራቱም ላይ ያለው የዓሣ ሥዕል አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል! በአውሮፓም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ «ከዶሮ ጋር» የሚለው 4 በመቶ ዶሮ ቢኖረው በቂ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፣ ሕጉን የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቀው ገዢ ግን ተሸወደ።

ከሁሉ በፊት ፈልጋችሁ ማንበብ ያለባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፍ ነው። ምግቡ «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ»፣ ማለትም የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም ይናገራል። ለግልገል፣ ላደገች ወይስ ለሁሉም? ያደገች ድመት ምግብ ለሦስት ወር ግልገል አይበቃም። በአንጻሩ «ለተጨማሪነት ብቻ» የሚል ከሆነ፣ በአውሮፓ «ኮምፕሌመንታሪ» ይሉታል፣ እንደ ቁርስ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ቀለብ አይቆጠርም። ቆንጆ ሆነው በውድ የሚሸጡት የቱና ቁራጭ ቆርቆሮዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። አፍኮ ራሱ ምግብ አይመረምርም፣ ማረጋገጫም አይሰጥም፤ መስፈርት ያወጣል እንጂ። ስለዚህ «አፍኮ ያጸደቀው» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወይ አላወቀም ወይ አውቆ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከትልቁ ከረጢት ተቀንሶ በኪሎ በላስቲክ የሚሸጥ ከሆነ፣ ይህች ዓረፍተ ነገርም፣ የሚያበቃበትም ቀን አብረው ይቀራሉ። ቢያንስ ዋናውን ከረጢት አሳየኝ በሉት።

እርጥቡና ደረቁ ምግብ ሲነጻጸሩ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆርቆሮው ላይ ፕሮቲን 10 በመቶ፣ ከረጢቱ ላይ 32 በመቶ ይላል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ይበልጣል ይባላል። ቆርቆሮው ግን 78 በመቶ ውኃ ነው። ውኃውን ስናወጣ የሚቀረው 22 ነው፤ ከ22ቱ 10ሩ ፕሮቲን ከሆነ 45 በመቶ ገደማ ይመጣል። ደረቁ 10 በመቶ ውኃ አለው፤ 32ን ለ90 ስናካፍል 36 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ቆርቆሮው በለጠ። ድመት ዘሯ ከምድረ በዳ ነው፤ ውኃ በብዛት መጠጣት አልለመደችም፣ ከምትበላው አይጥ ታገኘው ነበር። ደረቅ ብቻ የምትበላ ድመት ሽንቷ እየወፈረ ይሄዳል። አቅም የፈቀደለት እርጥቡን ይቀላቅል፣ ያልፈቀደለት ደረቁ ላይ ውኃ ጨምሮ ያርጥብላት። «እህል የለሽ» የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ ብዙ አንጨነቅም፤ ስንዴው ወጥቶ አተርና ድንች ከገባ ድመቷ ምን ተጠቀመች?

በፕሮቲን መጠን ብቻ መመካት እንደማይቻል እ.ኤ.አ. የ2007 ዓ.ም. ክስተት አሳይቷል። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ላይ ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ አምራች በተለያዩ የንግድ ስሞች ያሰራጨውን ከ60 ሚሊዮን በላይ ቆርቆሮና ፓኬት ከገበያ ሰበሰበ። ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ተብዬ ውስጥ ሜላሚን የተባለ፣ ለፕላስቲክ መሥሪያ የሚውል ኬሚካል ተገኘ። ላቦራቶሪ ፕሮቲንን የሚለካው በናይትሮጂን ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጂኑ ብዙ ነው፤ በወረቀት ላይ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። በድመቶቹ ኩላሊት ውስጥ ግን ጠጠር ሠራ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድመታችን ሞተች፣ ውሻችን ሞተ ብለው ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አመለከቱ። በተከታዩ በ2008 ያው ማጭበርበር በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ። 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስት ሞቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥቡን ሲያገኙ ነጋዴውን እንዴት እንደገሠጹት እናስታውስ። ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው መለያየቱ የቆየ በሽታ ነው።

«ባይፕሮዳክት»፣ ተረፈ ምርት የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስደነግጣል። በአሜሪካው ትርጉም ሳምባ፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ደም፣ የጸዳ ጨጓራና አንጀት ማለት ነው፤ ጸጉር፣ ቀንድ፣ ጥርስና ሰኮና አይገባበትም። ዱለት የሚወድ ሕዝብ በጨጓራና በጉበት ሊደነግጥ አይገባም! ለድመትም ከጭን ሥጋ የሚያንስ አይደለም። እኛን ሊያሳስበን የሚገባው የየትኛው እንስሳ ነው የሚለው ነው። «ችክን» ወይም «ቢፍ» ተብሎ ስሙ ከተጠቀሰ ይታወቃል። «ሚት»፣ «ሚት ባይፕሮዳክትስ»፣ «ሚት ሚል»፣ «አኒማል ፋት» ብቻ ከተባለ ግን አሳማም ሊኖርበት ይችላል። በአውሮፓ «ሚት ኤንድ አኒማል ዴሪቫቲቭስ» የሚለው ጥቅል ስምም እንደዚሁ የእንስሳውን ዓይነት አይገልጽም።

ሸሪዓዊ ብይኑን በተመለከተ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል፤ ድመቷ ትብላው ወይ የሚለውና እኛ እንግዛው ወይ የሚለው። ድመት ሙከለፍ አይደለችም፤ ሐላልና ሐራም አልተደነገገባትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦች በሰሙድ ምድር ጉድጓድ ውኃ ያቦኩትን ሊጥ እንዳይበሉት ከልክለው ለግመሎቻቸው እንዲሰጡት ማዘዛቸው በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ለሰው ያልተፈቀደ ሁሉ ለእንስሳ የተከለከለ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በ676 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ኢማም አን-ነወዊም በክትን ለውሻና ለአሞራ ማብላት እንደሚቻል ጽፈዋል። መግዛት ግን ሌላ ነው። መካ በተከፈተችበት ዓመት በክትን፣ አሳማን፣ አስካሪ መጠጥንና ጣዖትን መሸጥ መከልከሉን ጃቢር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ስለዚህ የአሳማ ሥጋ መሆኑ በግልጽ በተጻፈበት ቆርቆሮ ላይ ገንዘባችንን አናወጣም። የዶሮው ከጎኑ ተደርድሮ እያለ ምን አስገደደን? ዶሮውና በሬው እንዴት እንደታረደ ያልታወቀውን በተመለከተ የዑለማዎች አነጋገር ሰፊ ነው፤ የሐላል ምስክር ያለው ከተገኘ ይመረጣል፣ ካልተገኘ ግን በድመት ጉዳይ ሰውን ማጨናነቅ ተገቢ መስሎ አይታየንም።

ለዚያች እህታችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። የገዛሽው አንቺ አይደለሽም፤ የምታቀርቢው ለእንስሳ ነው። ምንነቱ በጥርጣሬ ብቻ ነጃሳ አይባልም፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይነሳምና። ለድመቶቹ የተለየ ማንኪያ ያዢ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሶላትሽን ስገጂ። አሳማ መሆኑ ከተረጋገጠና እርጥቡ እጅሽን ከነካ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም እንደ ውሻ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ ነው። ኢማም አን-ነወዊ ራሳቸው ግን በማስረጃ በኩል አንድ ጊዜ ማጠብ በቂ ነው የሚለው ያመዝናል ብለዋል። የድመቷ ትራፊማ ንጹሕ ነው፤ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ድመቷ እንድትጠጣ የውዱእ ዕቃቸውን ዘንበል ያደረጉላትን ሐዲሥ ታውቂዋለሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ አንድ መውጫ ያገኘ ይመስለዋል። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም፤ የዓሣውን ገዝቶ መገላገል ነው ይላል። እኛም ለረዥም ጊዜ ለሚጠይቁን ይህንኑ ስንመክር ቆይተናል፤ በፊቅህ በኩል ትክክል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ ቤንጂና በተባለች የደሴት መንደር ያገኘውን ሰምተን ዝም ማለት አንችልም። አብዛኞቹ የማይናማር ተወላጅ የሆኑ ሰዎች በማታለል ተወስደው፣ ያለ ክፍያ ወይም በእዚህ ግባ በማይባል ክፍያ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ አንዳንዶቹም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፈውባቸው ተገኙ። ዓሣው በታይላንድ በኩል ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ወደ አሜሪካ ገበያ ይገባ ነበር፤ ከሚገባባቸው ምርቶችም አንዱ የድመት ምግብ ነው። ዘገባው በወጣበት ዓመት ከ2,000 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ከትልልቆቹ የእንስሳት ምግብ አምራቾች አንዱ የሆነው ኔስሌ፣ በታይላንድ የባሕር ምግብ አቅርቦቱ ውስጥ የግዳጅ ሥራ መኖሩን ራሱ ባስጠናው ጥናት አምኖ ይፋ አደረገ።

ፓስፖርቷ ተይዞባት፣ ደመወዟ ተከልክሎባት የሠራች እህት ወይም ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አላህ (ሱ.ወ.) በትንሣኤ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች መካከል ነፃን ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላና ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዙን የከለከለ እንደሚገኙባቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። የሐላል ማኅተም የሚነግረን ስለ ቢላዋው ነው፤ መረቡን ስለጎተተው እጅ አይነግረንም። ታዲያ ምን እናድርግ? ዓሣ ሐራም ሆነ አንልም፤ የማንኛውንም ቆርቆሮ የጉዞ ታሪክ ማወቅም አንችልም። ነገር ግን ዓሣው የትና እንዴት እንደተጠመደ ጽፎ የሚሸጠውን «ኦሽን ፊሽ» ብቻ ብሎ ከሚያልፈው እናስቀድም። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ለአምራቹ ጻፉለት፤ ስልኩ ቆርቆሮው ላይ አለ። ድመትም ዓሣ ካልበላች አትሞትም፤ ስሙ የተጠቀሰ ዶሮ ይበቃታል።

ስለ ወጪው የተነሳውን እንመልስ። አራት ኪሎ የምትመዝን የቤት ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ትፈልጋለች። ይህ በደረቁ ምግብ 60 ግራም ገደማ ነው፤ በወር ሁለት ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ችግሩ የድመቷ ሆድ ሳይሆን የእኛ እጅ ነው፤ ሳህኑን ቀኑን ሙሉ ሞልተን እናስቀምጣለን፣ ድመቷ ትወፍራለች፣ ከረጢቱ በሁለት ሳምንት ያልቃል። በመለኪያ ስጡ። «ለሰው የሚሆን ደረጃ»፣ «ንጉሣዊ»፣ «የሼፍ ምርጫ» ለሚሉት ጽሑፎች ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አስፈላጊ አይመስለንም። የተሟላ መሆኑን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ካለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ስሙ የታወቀ ሥጋ ከተጻፈበት፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል። የተረፈውን ጎረቤት ላለ ችግረኛ ልጅ ማድረጉ ይሻላል፤ ሁለቱም በእኛ ላይ መብት አላቸው፣ አንዱን በሌላው ማሳበብ ግን አይገባም።

ይህን ሰምታችሁ ነገውኑ ምግቡን ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ አትቸኩሉ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን አዳርሱት። «ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ ማስራብ ከሰው ልጅ ጋር ይሠራ እንደሆነ እንጂ ከድመት ጋር አይሠራም፤ በተለይ የወፈረች ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። ወንድ ድመት ያላችሁ ደግሞ፣ ሊሸና እየተቀመጠ ሽንት እምቢ ካለው፣ እየጮኸ ከተመላለሰ፣ የምግብ ለውጥ አይጠብቅም። ቱቦው ተዘግቷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ለሚቀጥለው ወር ስለ ድመት መሸጥና መግዛት የተላኩልንን ጥያቄዎች ይዘን እንቀርባለን፣ ኢንሻአላህ።